ቆሮሶ ልጆቿን አፏ ውስጥ በምትይዝበት ወር

ዓሣ ማጥመድ የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ያስተማረኝ የገዛ ልጄ ነው። አብሮኝ የተማረው ደግሞ የእሱ ልጅ፣ ያኔ የወተት ጥርሱ እንኳ ያልተነቃነቀ የልጅ ልጄ ነው።

ከአምቦ ወደ እጃጂ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣ ለመስኖ ተብሎ የተገደበ ውሃ አለ። እኛ ግድቡ እንለዋለን፤ ቤታችን ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ግብርናዎች አንድ ዓመት ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ጫጩት በላስቲክ ከረጢት ከነውሃው አምጥተው ለቀቁበት። እኔ በልጅነቴ ዓሣ የሚበላ ሰው አላውቅም ነበር። እናቴ ዓሣ ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር፣ እባብ ያየች ይመስል። ልጄ ግን የብረት በርና መስኮት እየበየደ ስድስት ቀን ጭስ ሲውጥ ይከርምና እሑድ ከሰዓት ውሃ ዳር ካልተቀመጠ አይሆንለትም። ልጁን ይዞ ይሄዳል። እኔም ልጁ ውሃ እንዳይገባ ልጠብቅ ብዬ ተከተልኩ። ሰበብ ነበር፤ ቤት ብቻዬን መቀመጥ ሰልችቶኝ ነው።

ዘንጉ ቀርከሃ ነው፤ ክሩ ናይሎን። ተንሳፋፊውን ልጄ ካረጀ ነጠላ ጫማ ላይ በምላጭ ቆርጦ ይሠራዋል። ለልጁም በቁመቱ ልክ አጭር ዘንግ ቆረጠለት፣ መያዣውን በቀይ ፕላስተር ጠቀለለለት። ልጁ ያንን ዘንግ ይዞ ነበር የሚተኛው።

«አኮ፣ ነከሰ!» ይለኛል። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም ነበር።

«ነፋስ ነው።»

«ነፋስ ክር ይጎትታል እንዴ?»

«የእኛ አገር ነፋስ ሰውም ይጎትታል። ዝም ብለህ ጠብቅ።»

«አንቺ እኮ ነሽ የምታወሪው።»

አባቱ ጀርባውን ሰጥቶን ይስቃል። ሰባት ልጅ ወልጄ አራት አሳድጌአለሁ፤ ከልጆቼ ጋር እንዲያ ተቀምጬ አላውቅም። ጊዜ አልነበረኝም። ከዚህ ልጅ ጋር ግን ምንም ሳልሠራ መቀመጥን ለመድኩ።

መጋቢት ላይ ውሃው ሲሞቅ ቄጠማው አጠገብ ያለው ጥልቀት የሌለው ቦታ ጭቃው እንደ ሳህን ክብ ክብ ሆኖ ተቆፍሮ አየን። ከዳር ቆመህ ትቆጥረዋለህ። ልጄ አስረዳን፤ ቆፋሪው ወንዱ ቆሮሶ ነው። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያ ትለቅመውና አፏ ውስጥ ትይዘዋለች። እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ወጥተው መዋኘት ከጀመሩም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

«ታዲያ ምን ትበላለች?» አለ ልጁ።

«አትበላም።»

«ጾመኛ ናት በላ!»

ሁዳዴ ስለነበር ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ልጄ ግን አልሳቀም። «የሚያናድደኝ» አለ፣ «ሰዉ በዚህ ወር እዚህ ጉድጓድ ላይ ነው መንጠቆ የሚጥለው። በዚህ ወር የሚነክሱት ርቧቸው አይደለም። ወንዱ ጉድጓዱን፣ ሴቷ ልጆቿን ልታስጥል ነው የምትነክሰው። ቀላል ነው፤ ሕፃን ይይዛታል።»

ይህ ነገር ውስጤ ገባ። ርቦት የነከሰና ለልጁ ብሎ የነከሰ እኩል አይደለም። አራተኛ ክፍል ነው የደረስኩት፤ ይህን ለማወቅ ግን አራተኛ ክፍልም አያስፈልግም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ሌላ ተረት እምቢ አለ። የቆሮሶዋን እናት ብቻ ንገሪኝ ይላል። እኔም ጨመርኩበት። ማታ ማታ ልጆቿን አንድ በአንድ ትቆጥራለች አልኩት። አንድ ከጎደለ እንቅልፍ አይወስዳትም አልኩት። ከንፈሯን እንዲህ ገርበብ ስታደርገው ትናንሽ ዓይኖቻቸው ከውስጥ ያያሉ አልኩት። «አንቺ አይተሻል?» ይለኛል። «አይቻለሁ» እለዋለሁ። ዋሸሁ። አላየሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ግድቡ በሰው ተሞላ። እኔ በጾም ዓሣ አልበላም፤ ደም ያለው ነገር ሁሉ ለእኔ ያው ነው። የሚበላው ሰው ግን ብዙ ነው፤ የከተማ ሆቴሎች በጾም ከዓሣ ሌላ የሚያቀርቡት ያለ አይመስልም። ስለዚህ ዓሣ በጣም የሚፈለገው በዚያው በሚወልድበት ወር ሆነ። ወጣቱ ጉድጓዶቹ ላይ ቆሞ ያወጣል። የሚወጣው ዓሣ ከዓመት ዓመት እያነሰ የእጅ መዳፍ አከለ። ስብሰባ ተጠራ፤ እኔ ሴት ሆኜ ተነስቼ ጮኽኩ። ከቅበላ እስከ ፋሲካ የቄጠማው ዳርቻ ይዘጋ፤ ጥልቁ ጋ የሚያጠምድ ያጥምድ አልኩ። አጨበጨቡና የውሃ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። አምስት ወንዶችና እኔ።

ቅጣቱንም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ የገንዘብ ይሁን አለ። እኔ እምቢ አልኩ። «ገንዘብ ከሆነ ያለው ከፍሎ ያጠምዳል፣ የሌለው ይቀጣል። ዘንጉ ሰው ፊት ይሰበር፣ ስሙ መዝገብ ላይ ይጻፍ፣ ዓመት ውሃው ዳር አይድረስ። ይህ ለሁሉም እኩል ነው።»

ከኮሚቴው አንዱ ከደቡብ መጥቶ እዚህ የከበረ ሙስሊም ባለሱቅ ነበር። «አዴ፣ ጉድ እኮ ነው» አለኝ፣ በኦሮምኛ እንደ እናት አክብሮ ሲጠራኝ። «መንጠቆ የምሸጠው እኔ፣ ዓሣ አይጠመድ ብዬ እጅ የማወጣውም እኔ!» እጁን ግን አወጣ።

ሕጉ ወጥቶ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከግድቡ በኩል ፊሽካ ሰማሁ። ኮሚቴው የቀጠረው ዘበኛ ነው። ሰው ወደዚያ ይጎርፋል፤ እኔም የኮሚቴ ሰው ነኝና ነጠላዬን ሰብስቤ ሄድኩ። ዋርካው ሥር ልጄ ቆሟል። አጠገቡ የልጅ ልጄ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ አጭሩን ዘንግ እንደያዘ። እግራቸው ሥር አንዲት ቆሮሶ ተጋድማለች።

ዘበኛው ተናገረ። ቄጠማው ውስጥ ነው ያገኘኋቸው አለ። ልጄም አልካደም። «ልጁ ላያት ላያት ብሎ ዓመት ሙሉ አስጨነቀኝ። አንድ ጊዜ አሳይቼው ልንለቃት ነበር። መንጠቆውን ውጣው ሞተች።»

«ልጆቿን ተፋቻቸው፣ አኮ» አለ ልጁ። «መሬት ላይ። እየሰበሰብኩ እየመለስኳቸው ነበር። ብዙዎቹን መልሻለሁ።» መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። መዳፉ ላይ አንዲት እንደ ጤፍ የደቀቀች ነገር ተጣብቃለች።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ አዴ፣ የእርስዎው ልጅ ነው። ሕፃን ነው። ይለፍ።» ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ያንን መተያየት አውቀዋለሁ። ለገዛ ቤቴ አዳላ እንደሆነ እያዩ ነው። ነገ ሁሉም የራሱን ልጅ ይለፍ ሊል ነው።

«አያልፍም» አልኩ።

«በእኔ ስም ይጻፍ እሺ» አለ ልጄ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«ዘንጉን የያዘው ማነው?» አልኩት ዘበኛውን።

«ትንሹ።»

«እንግዲያው የያዘው ይጻፍ። ሕጉ የሚለው እንዲያ ነው።»

ልጄ ቀረብ ብሎ ጆሮዬ ላይ፣ «እማዬ፣ እባክሽ። ልጁ ፊት አታድርጊው» አለኝ።

አደረግሁት። ዘንጉን ከልጁ እጅ ወሰድኩ። አልታገለኝም፤ የምይዝለት መስሎት ሰጠኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሰበርኩት። ቀርከሃ ሲሰበር አንዴ አይበጠስም፤ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ሦስቴ መጠምዘዝ ነበረብኝ። ልጁ አላለቀሰም። ሱሪውን አራሰ። አባቱ አንስቶ ታቀፈውና ሽንቱ ደረቱ ላይ እየፈሰሰ ይዞት ሄደ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። «ፍርድ እንዲህ ነው!» ያለ ሰው ነበር። እውነት ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ኮራሁ።

ሆሳዕና ከመድረሱ በፊት ግድቡን ሊጎበኙ እንግዶች መጡ። ከየት እንደመጡ ዛሬም በትክክል አላውቅም፤ ከላይ ነው የተባለው። ዳሱ ተጣለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ እኛም ኮሚቴዎቹ ከፊት ተቀመጥን። ምሳ ቀረበ። ጾም ስለሆነ ዓሣ ነው ተባለ፤ ሳህን ሙሉ፣ ከነራሱ የተጠበሰ። ሁሉም መዳፍ የማይሞላ። የእኔ ሳህን ላይ ሦስት ነበሩ።

«ይህ ከየት መጣ?» አልኩት ሊቀመንበሩን።

«ከዚሁ ነው እንጂ። ይብሉ።»

«ከጥልቁ ነው?»

«ጥልቁ ጋ መረብ አይደርስማ፣ አዴ» አለ ዘበኛው ከኋላ፣ ሳያስበው። ሊቀመንበሩ ዞሮ አየው።

መረብ። ቄጠማው ላይ መረብ ጎትተዋል፣ በሊቀመንበሩ ትእዛዝ፤ የጎተተውም ዘበኛው ራሱ። ይህ አንድ ሕፃን በአንድ መንጠቆ ያወጣት አንዲት ዓሣ አይደለም፤ ያንን ዳርቻ ሙልጭ አድርገው ጠርገውታል።

ተነሳሁ። «ሕጉስ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሊቀመንበሩ በፈገግታ እጄን ያዘኝ። «እማማ፣ ይቀመጡ። ሕጉ ለአጥማጅ ነው፤ ይህ ለእንግዳ ክብር ነው።»

«መረቡ ይምጣና እዚሁ ይቃጠል። የጎተተውም ያዘዘውም ይጻፍ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ምን እንዳልኩ ጠየቀ። «የአገር እናት ናቸው፣ እየመረቁን ነው» አለው ሊቀመንበሩ። እንግዳው አሜን ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ።

ማግስቱን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጉዳዩ ድምፅ ይሰጥበት አልኩ። ሊቀመንበሩ ይቀጣ የሚል አንድ እጅ ወጣ፤ የእኔ። ባለሱቁ ጣራውን ያይ ነበር። ሲወጣ አገኘሁትና፣ «ዓመት ሙሉ አዴ አዴ ስትለኝ ከርመህ?» አልኩት።

«ማል ጎና፣ አዴ?» አለኝ በኦሮምኛ። ምን እናድርግ ማለቱ ነው። «እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ። እርስዎ ይጮሃሉ፣ ቤትዎ ይገባሉ። እኔ ስጮህ ሱቄ ይዘጋል።»

እውነቱን ነው። ግን ያኔ አልገባኝም፤ ፈሪ ብዬው ሄድኩ። ከሳምንት በኋላ በዕድሜ ምክንያት ከኮሚቴው በክብር መሰናበቴ ተነገረኝ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። እየበየደ ነበር፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጨርሶ ሰማኝ። «ታዲያ መረባቸውን ያዝሽው?» አለኝ።

«እንዴት አድርጌ እይዘዋለሁ? ወንዶች ናቸው፣ አምስት ናቸው።»

«ገባኝ» አለ። መነጽሩን አወረደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ትልልቆቹን ለመቅጣት አፍ ብቻ ነበረኝ። እጄ የደረሰው የሰባት ዓመት ልጅ ጋ ብቻ ነው።

ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያየኝ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ በጓዳ ይቅርታ አላምንም። ሰው ፊት የተሠራ በደል ሰው ፊት መካስ አለበት። ሁለት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄጄ፣ «ከልጅ ልጄ ጋር አስታርቁኝ» አልኳቸው።

አንደኛው የምቀልድ መሰለው። «ለሰባት ዓመት ልጅ ሽማግሌ ይላካል እንዴ? ከረሜላ ግዢለት፣ በቃ!»

«ለትልቅ ሰው የሚላክ ለትንሽ የማይላክ ለምንድን ነው? ተበዳይ በቁመት ነው የሚለካው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ያንቺ ነገር መጨረሻ የለውም» አለኝ ሌላው። «በዳይ አያት፣ ተበዳይ የልጅ ልጅ፣ እኛ መሀል ቁጭ ብለን ምን ልንል ነው? ሰው ይስቅብናል።»

ስለዚህ ብቻዬን ሄድኩ፤ እንደ ወጉ። አባቶቻችን የበደሉትን ሰው ይቅር በለኝ ሲሉ ድንጋይ ተሸክመው ደጁ ይቆማሉ፤ በደሌ ከብዶኛል፣ አውርድልኝ ማለት ነው። ተበዳዩ ድንጋዩን ከትከሻቸው ያነሳላቸዋል፤ ያኔ ይተቃቀፋሉ። ከግድቡ መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ መረጥኩ፤ ትንሽ ብመርጥ ማጭበርበር መሰለኝና የማልችለውን መረጥኩ። ገበያ ቀን ነበር። ሰው እያየኝ፣ እየሳቀብኝ፣ አንዳንዱም አንገቱን እየደፋልኝ እስከ ልጄ ደጅ ደረስኩ።

ልጁ ደጁ ላይ ብይ ይጫወት ነበር። ቀና አለ። አያቱ፣ ያቺ ጉልበቷ ላይ ዘንጉን የሰበረችው፣ ትከሻዋ ላይ ድንጋይ ይዛ ፊቱ ቆማለች።

ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከልጅ ሰምቼ አላውቅም። «አባዬ፣ ልትገድለኝ ነው!» እያለ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ጠፋ።

ያንን ወግ ማንም ነግሮት አያውቅም። ከየት ያውቀዋል? የእኛ ዘመን ወግ ነው፤ እኔም የቆሮሶዋን ተረት ስነግረው ኖርኩ እንጂ ይህን አልነገርኩትም። ላስረዳው አፌን ስከፍት ደጁ ላይ ብዮቹ ብቻ ነበሩ። ልጄ እየሮጠ ወጣ። «ጣይው!» አለኝ። «እማዬ፣ ጣይው ብዬሻለሁ!» ድንጋዩን ያነሳልኝ የለም፤ ራሴ አወረድኩት፤ ስጥለው የእግሬን ጣት መታኝ። ጎረቤት ወጥቶ ያያል። ልጁን ፍለጋ ተሄደ፤ ማሽላ ውስጥ ተደብቆ አገኙት።

በዓመቱ ልጄ አዲስ ዓለም ሄዶ ብየዳ ቤት ከፈተ። ለሥራ ነው አለኝ፤ እውነትም ሥራ አለ። እኔ ሌላም አለበት ብዬ አምናለሁ። ለማርያም ስሄድ እነሱ ጋ አድራለሁ። ልጁ አድጓል፤ ከአባቱ ሊበልጥ ነው። ጉልበቴን ይስማል፣ ውሃ ያቀብለኛል፣ ትምህርት እንዴት ነው ስለው ደህና ነው ይለኛል። የቤቱ ሰው ሁሉ ተነጋግሮ አብቅቶ እኔና እሱ ብቻ ስንቀር ስልኩን ያወጣል።

ግድቡ ዛሬም በጾም ይዘጋል ይባላል። ሰሌዳ ተተክሎለታል። ዓሣውም በየዓመቱ ለእንግዳ ይወጣል። የጥፋተኞች መዝገቡንም አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የተቀጣ ሰው የለም። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ስም፣ እኔ አስገድጄ ያስጻፍኩት። ስለዚህ በየዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እነሳና፣ «ወይ የቀሩት ይጻፉ፣ ወይ የልጁ ይፋቅ» እላለሁ። በየዓመቱ ይስቃሉ። ሊቀመንበሩ፣ «መዝገብ አይፋቅም፣ እማማ፤ ሕጉን ያወጡት እርስዎ አይደሉም?» ይለኛል።

ዘንድሮ ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት ስልክ ተደወለልኝ። ልጁ ነው። በራሱ ደውሎልኝ አያውቅም ነበርና ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አኮ፣ ስብሰባ አለ አይደል?»

«አለ።»

«እባክሽ ስሜን አታንሺ። ከእናንተ አገር የመጣ ልጅ ክፍላችን ገብቷል። የግድቡ ሌባ ይለኛል። ማን ነገረህ ስለው፣ አያትህ በየዓመቱ ትናገራለች አለኝ። ሰዉ ረስቶት ነበር እኮ። አንቺ ነሽ የምታስታውሺያቸው።»

«እኔ እኮ ስምህን ላስፍቅ ነው» አልኩት። «ግፍ ነው። እነሱ በመረብ...»

«አውቃለሁ፣ አኮ። ሁሌ ትክክል ነሽ። ተይው ብቻ።»

ስብሰባው ሄድኩ። እንደ ወትሮዬ ከፊት ተቀመጥኩ። የቦይ ጠረጋ አለፈ፣ የአጥር ጉዳይ አለፈ፣ ልዩ ልዩ ላይ ተደረሰ። ሊቀመንበሩ እያየኝ ፈገግ አለ፣ ከኋላም ሳቅ ጀመሩ።

«እህ፣ እማማ? የዘንድሮውን አይሉንም?»

ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ቃል በቃል አዘጋጅቼው መጥቻለሁ፤ ከስልኩም በኋላ ሳዘጋጀው ነበር። ትክክል መሆኔን የማያውቅ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም።

«የለኝም» አልኩ።

ወደሚቀጥለው አለፉ። ለልጁ ዝም አልኩልህ ብዬ አልደወልኩለትም። ብደውል ያንኑ ማንሳት ይሆናል።